ሻለቃ ስንት ይመዝናል

«ሥጋ ይዋሻል፤ አጥንት ግን አይዋሽም» ይል ነበር ኃይለ ልዑል። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ሲለው፣ አልጋ ላይ ከዋለ በኋላም ሲለው፣ ልጁ ራኬብ አንድ ቀን እንኳ ተጠራጥራው አታውቅም። የተጠራጠረችው አዋሽ ላይ፣ ካረጀ አንበሳ ፊት ቁጢጥ ብላ፣ ሲባጎ በእጇ ይዛ ነው።

ኃይለ ልዑል ሰመራ ላይ የአጥንት መጋዘን ጠባቂ ነበር። ከስምንተኛ ክፍል ወዲያ አልተማረም። ከሸዋ ደጋ ወደ ዱብቲ የወረደው በጥጥ እርሻው ዕቃ ቤት ሊሠራ ነበር። እርሻው ሲቀዛቀዝ፣ ተመራማሪዎች ከበረሃው የሚያወጧቸው አጥንቶች የሚቀመጡበት መጋዘን ሰው ፈልጎ ተቀጠረ። መጀመሪያ ሣጥን መቁጠር ብቻ ነበር ሥራው። ቆይቶ ሣጥኑ ውስጥ ያለውን ማየት ጀመረ። ተመራማሪዎቹ የክንድ አጥንት ወገብ ላይ ሜትር ሲጠመጥሙ ቆሞ አየ። ለምን እንደሆነ ጠየቀ። አጥንት የሚወፍረው በሚሸከመው ልክ ነው፤ ስለዚህ በሕይወት ያለ ሰው ያላየው አውሬ እንኳ ክንዱ ከተገኘ ስንት ኪሎ እንደነበር መገመት ይቻላል አሉት። ያን ሌሊት እንቅልፍ እንዳልወሰደው ለራኬብ ደጋግሞ ነግሯታል።

ከዚያ ወዲያ የልብስ ሰፊ ሜትር ከኪሱ ተለይቶ አያውቅም። በጅቡቲ መንገድ ላይ መኪና የገጨው ጅብ ሲያገኝ ይለካል። ሎጊያ ካሉ ሥጋ ቤቶች ፍየሉ ሳይታረድ ስንት እንደመዘነ ጠይቆ፣ ከታረደ በኋላ ክንዱን ይለምናል። ሰው «ያ አጥንት ለቃሚ» ይለው ነበር። እሱ ግን ከዚህ ሁሉ በአንድ ደብተር ላይ የራሱን ሠንጠረዥ ሠራ። የክንድ አጥንት በሌለበት ከመዳፍ ከፍ ብሎ ያለው አንጓ፣ ሥጋ የማይበዛበት ቦታ፣ ስንት ሳንቲም ቢሆን ስንት ኪሎ እንደሚሆን በቃሉ ያውቀዋል።

መጋዘኑ መግቢያ ላይ ለጎብኚ የሚታይ አንድ መደርደሪያ ነበር። ሦስት ክንዶች ጎን ለጎን ተኝተውበታል፤ የነብር፣ የአንበሳ፣ መካከል ላይ ደግሞ ከሁለት ሚሊዮን ዓመት በፊት በዚሁ ሸለቆ የኖረ፣ ዘሩ የጠፋ፣ እንደ ጩቤ የረዘመ ጥርስ የነበረው ትልቅ ድመት። አንድ ጊዜ አንድ ኃላፊ መጥተው፣ «ይሄ ከአንበሳ እጥፍ ነው አይደል? እንደዚያ ብለህ ጻፍበት፤ ሰው ይደነቅ» አሉት።

«ጥርሱ ነው እንጂ የረዘመው ክንዱ ከመካከለኛ አንበሳ አይበልጥም ጌታዬ» አላቸው። «ጥርስ አይቶ ክብደት የሚናገር፣ ቀንድ አይቶ በሬ እንደሚገዛ ነው።»

በገዛ እጁ ጽፎ ለጠፈበት። ክብደት፦ መቶ ሰባ ኪሎ ገደማ።

በዚህ ሁሉ መካከል አንድ ነገር ብቻ ልቡን ይበላው ነበር። ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት ከተመራማሪዎች ጋር ገዋኔ አካባቢ ወርዶ ሳለ፣ የሞተች አንበሳ አጠገብ አንድ ደቦል አገኙ። ኃይለ ልዑል ደቦሉን ጭኑ ላይ አድርጎ እስከ አዋሽ ተሳፈረ። ከከተማው ወጣ ብሎ የተተወ የመንገድ ሥራ ካምፕ አለ፤ እዚያ የብረት ቤት ተገኘለት። «ለሁለት ወር ነው፤ ጠንከር እስኪል» ብሎ የርክክቡን ወረቀት የፈረመው እሱ ነው። ሁለት ወሩ ዓመት ሆነ፤ ዓመቱ አሥራ አንድ። ደቦሉ ጎፈር አወጣ፣ ሻለቃ የሚል ስም ወጣለት፣ አረጀም። ቤቱ ግን ያው ቤት ነው፤ ርዝመቱ ስምንት እርምጃ፣ ወርዱ አራት። ኃይለ ልዑል የአዋሽ ነገር በተነሳ ቁጥር፣ «እኔ ነኝ ያስገባሁት» ይላል። ሌላ አይጨምርም።

ባለፈው ዓመት ከመጋዘኑ መሰላል ወድቆ ዳሌው ተሰበረ። ዱብቲ ሆስፒታል ሦስት ሳምንት ተኛ። ሲገባ ሚዛኑ ስድሳ ስድስት ኪሎ አለ። ከወጣ ወዲህ ሰባት ወር ሙሉ በራሱ ጉልበት ከአልጋው አልወረደም፤ ምግብም እምቢ አለው። የሰመራ ሙቀት ከቆርቆሮው ሥር ተቀምጦ አይነሳም፤ መስኮቱ ሲከፈት የሚገባው ነፋስ ከምድጃ አፍ የወጣ ይመስላል። ራኬብ ሁልጊዜ ጠዋት ከአልጋ አንስታ ወንበር ላይ ታስቀምጠውና አንሶላውን ትቀይራለች። መጀመሪያ ሰሞን ጎረቤቷ እትዬ ሐቢባ ታግዛት ነበር። በኋላ ብቻዋን ቻለችው። ለምን እንደቻለችው ግን አላሰበችበትም፤ ወይም ማሰብ አልፈለገችም።

አንድ ሐሙስ ከአዋሽ ስልክ ተደወለ። ዶክተር ሙዓዊያ የሚባል የወሎ ልጅ፣ የእንስሳት ሐኪም ነው። ከወንዙ ማዶ አሥራ ሁለት ሄክታር ቦታ ታጥሮ ለሻለቃ ተዘጋጅቷል። ቅዳሜ ጠዋት ሊያዛውሩት ነው። መኪናው የተገኘው ለዚያች ቀን ብቻ ነው፤ ፀሐይ ሳትበረታ ካልተጫነ ደግሞ ሙቀቱ ይገድለዋል።

«ጋሼ፣ ችግሬ ማደንዘዣው ነው» አለ። «የምወጋው በኪሎ ነው። ካነሰ መኪና ላይ ይነቃብኛል። ከበዛ በዚህ እርጅናው ላይነቃ ይችላል። ሚዛን ላይ ውጣልኝ ብለው ደግሞ እሺ አይለኝም።»

«በዓይንህ ስንት ትለዋለህ?»

«ግመል ቢሆን ከሩቅ እነግርዎ ነበር። አንበሳ ወግቼ አላውቅም። ጎፈሩ ያምታታኛል። የከብት መለኪያ ሜትር ይዤ ሄጄ ነበር፤ ደረቱ ላይ ጠምጥሜ እንድለካው አልፈቀደልኝም» ብሎ ሳቀ።

ኃይለ ልዑል አልሳቀም። ዓይኑ ሲበራ ራኬብ ከብዙ ጊዜ በኋላ አየች። «ልጄን እልክልሃለሁ» አለ። «አንጓውን ትለካና ትነግረኛለች። ኪሎውን ከእኔ ትወስዳለህ።» ስልኩን ዘግቶ ወደ እሷ ዞረ። «ልሞት ነው አልልሽም። ግን ሻለቃ ከዚያ ቤት ሳይወጣ እኔ ከዚህ ክፍል እንዳልወጣ።»

አርብ ንጋት ላይ ከሎጊያ ሚኒባስ ተሳፈረች። እትዬ ሐቢባ ሻይ ቤቷን ለእህቷ ልጅ ትታ አባቷ አጠገብ ተቀመጠችላት። «አብሽሪ፣ ሂጂ። እኔ ነኝ ያለሁት፤ ያንን ደብተሩን ካላነበበልኝ ብቻ» አለቻት። ራኬብ ቀኑን ሙሉ በከባድ መኪናዎች ሰልፍ መካከል ተጣብቃ፣ በሁለት ሰዎች ትከሻ መካከል ተጣብቃ፣ ማታ አዋሽ ገባች።

ቅዳሜ ንጋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ካምፑ ደረሰች። ከአሥራ አንድ ዓመት ወዲህ ሻለቃን የምትመግበው ውባንች ቀድማ በሩ ላይ ቆማለች፤ ነጠላዋን አገጯ ላይ አጥብቃ ያሰረች ረጅም ሴት ናት። ዶክተር ሙዓዊያ መርፌዎቹን ጥላ ሥር ደርድሮ ሰዓቱን ያያል። አይሱዙው የብረት ሣጥኑን ተጭኖ ሞተሩን አጥፍቶ ቆሟል። ሾፌሩ ሙሐመድሰዒድ ጎማው ላይ ተቀምጦ ጥርሱን ይፍቃል።

ሻለቃ ከብረቱ ጥግ ተኝቷል። ጎፈሩ ጠቁሮ፣ ራሱ ግዙፍ ሆኖ፣ ከፊት ሲታይ ያስፈራል። ውባንች ጣሳ ውኃ ይዛ በታችኛው ብረት ሥር እያፈሰሰች ጠራችው። «ና አንተ ዱርዬ፣ እግርህን አምጣ።» አንበሳው የቀኝ እጁን በብረቱ ሥር አውጥቶ ዘረጋላት። ሙቀት ሲጸናበት እንደዚህ ታጥበው እንደነበር፣ ከደቦልነቱ የለመደው እንደሆነ ነገረቻት። «ቶሎ በይ፤ ትዕግሥቱ ውኃው እስኪያልቅ ነው።»

ራኬብ ቁጢጥ ብላ ሲባጎውን ከመዳፉ በላይ አዞረች። ጠጉሩ ሻካራ ነው። ከሥሩ ያለው አጥንት የበር መቃን ይመስላል። ጣቷን ሲባጎው የተገናኘበት ላይ ይዛ ወደ ኋላ ተሳበች፤ ከዚያ በአባቷ ሜትር ለካችው። ሃያ ሦስት ሳንቲም ተኩል።

ሰመራ ደወለች። እትዬ ሐቢባ ስልኩን ጆሮው ላይ ያዘችለት።

«ሃያ ሦስት ተኩል» አለችው።

«አላጠበቅሽውም?»

«አላጠበቅኩትም አባዬ።»

ትንፋሹ ይሰማታል። «መቶ ሰማንያ አምስት» አለ። «አይ ሻለቃ። ጭኔ ላይ የመጣ፣ መቶ ሰማንያ አምስት። ከጠፋው ከጥርሳሙም ይበልጣል። ንገሪው።»

«እሺ።»

ዶክተር ሙዓዊያ መርፌውን አንስቶ ይጠብቃታል። በዚያ ቅጽበት የውባንች ጣሳ ባዶ ሆነና ሻለቃ ተነሳ። ዞሮ ጀርባውን ሰጣቸው። ከጎፈሩ በስተኋላ ያለውን ራኬብ ያን ጊዜ አየችው። የዳሌው አጥንት ከቆዳው ሥር እንደ ድንኳን ካስማ ቆሟል። የጭራው ሥር ጎድጉዷል። ሆዱ ሥር ባዶ ቆዳ ይወዛወዛል። ስምንት እርምጃ ሄደ፣ ዞረ፣ ስምንት እርምጃ ተመለሰ።

ያን አካሄድ አይደለም ያየችው። ጠዋት ጠዋት አባቷን ስታነሳ አንጓውን የምትይዝበትን እጇን ነው ያሰበችው። የአባቷ አንጓ አልቀጠነም። ያው የድሮው፣ ጣቶቿ የማይገናኙበት ሰፊ አንጓ ነው። በሠንጠረዡ ቢለካ ዛሬም ስድሳ ስድስት ኪሎ ይላል። ክንዷ ላይ የሚያርፈው ግን ስድሳ ስድስት አይደለም። ለእትዬ ሐቢባ ሻይ ቤት ሃምሳ ኪሎ የዱቄት ጆንያ ተሸክማ ታውቃለች። አባቷ ከዚያ ይቀላል።

አጥንት ድሮ የተሸከመውን እንጂ ዛሬ የሚሸከመውን አይናገርም። ይህን ከደብተሩ ውስጥ የትም አላነበበችውም።

«ጋሼ ስንት አሉ?» አለ ሐኪሙ።

ራኬብ መቶ ሰማንያ አምስት ብላ ብትመልስ አባቷ እንዳለው ይሆናል፤ አንበሳው ካልነቃ ደግሞ አስገብቶ የገደለው እሱ ይሆናል። ሌላ ቁጥር ብትናገር የሃያ ሁለት ዓመት ሥራውን ሐሰት ማለቷ ነው። እሱ በማይሰማበት፣ መነሳት በማይችልበት።

«እትዬ ውባንች፣ ጠግቦ የበላው መቼ ነው?» አለች።

«ጠግቦ?» ውባንች ጣሳውን አስቀመጠች። «ድሮ ሙሉ አህያ ይመጣለት ነበር። ካምናው ክረምት ወዲህ ጥርሱ ረግፎ የዶሮ አንገት ነው የማላምጥለት ልልሽ ምንም አልቀረኝ።»

«መቶ ሃያ አምስት» አለች ራኬብ ለሐኪሙ።

«ጋሼ ናቸው ያሉት?»

«እኔ ነኝ።»

ዶክተር ሙዓዊያ መርፌውን ዝቅ አደረገ። «እህቴ፣ ይሄ ግምት ቢሳሳት መኪናው ላይ ከሻለቃ ጋር የምቀመጠው እኔ ነኝ። ጋሼ ስንት አሉ?»

«መቶ ሰማንያ አምስት። አጥንቱ ልክ ነው፤ በደህናው ጊዜ ያን ያህል ነበር።» የአንበሳውን ዳሌ አሳየችው። «በየቀኑ ጠዋት አባቴን አነሳለሁ ዶክተር። ሆስፒታል ሲገባ ስድሳ ስድስት ነበር። አሁን አርባ አምስት ቢሆን ነው። አንጓው ግን አንዲት ሳንቲም አልቀነሰም። አንበሳውም እንደዚያው ነው። ሲሶው የለም።»

ሐኪሙ አንበሳውን አየ፤ እሷን አየ። «ቢስሚላህ» ብሎ መድኃኒቱን በመቶ ሃያ አምስት ልክ ሳበ።

ሻለቃ ከሩብ ሰዓት በኋላ ተዘረጋ። ስድስት ሆነው በሸራ ጎተቱት። ሣጥኑ ሲዘጋ ፀሐይዋ ገና ኮረብታውን እንደያዘች ነበር።

ከከተማው መውጫ ላይ እንደማንኛውም ጭነት መኪና ሚዛኑን ማለፍ ነበረባቸው። ሙሐመድሰዒድ ሲመጣ ባዶ ሣጥን ይዞ ተመዝኖ ወረቀቱ ኪሱ ውስጥ አለ። ሰዎቹ ሁሉ እንዲወርዱ አዘዘ፤ እሱ ብቻ መሪው ላይ ቀረ።

«ምን ጭነህ ነው?» አለ መዛኙ።

«ሻለቃ።»

«ሻለቃ ቢሆን፣ ጄኔራልም ቢሆን እዚህ ይመዘናል።» መዛኙ ሣጥኑ ውስጥ አጮልቆ አየና ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሄደ።

ሁለቱ ወረቀቶች ተነጻጸሩ። ሚዛኑ በሃያ በሃያ ኪሎ ነው የሚዘለው። ልዩነቱ መቶ ሃያ አለ። ዶክተር ሙዓዊያ ወረቀቶቹን ተቀበለ። «በመቶ ሰማንያ አምስት ብወጋው ኖሮ…» ብሎ አልጨረሰውም። ለራኬብ ሰጣትና ወደ መኪናው ወጣ።

አጥሩ ውስጥ ሣጥኑን ከፍተው ራቁ። ሻለቃ ከብዙ ቆይታ በኋላ ነቃ፤ እየተንገዳገደ ወጣ። ፊት ለፊቱ ሣር፣ ግራር፣ ወንዙ ድረስ የሚወርድ ሜዳ ነው። አየር አሸተተ። ሄደ። ራኬብ ሳታስበው ትቆጥር ነበር። ስምንት ላይ ቆመ፤ ዞረ፤ ስምንት እርምጃ ተመልሶ እንደገና ዞረ። ውባንች ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች።

ራኬብ የሆነውን በስልክ ልትነግረው አልደፈረችም። እሑድ ሰባት ሰዓት ላይ ሰመራ ስትደርስ አባቷን ወንበሩ ላይ ተደግፎ በሩን ሲጠብቅ አገኘችው። እትዬ ሐቢባ በካርቶን እያራገበችለት ነበር። «ከትናንት ጀምሮ አላስተኛኝም፤ ወላሂ የሙሽራ አባት እንኳ እንዲህ አይጠብቅም» ብላ ወጣችላቸው።

«ወጣ?»

«ወጣ አባዬ።»

«ነቃ?»

«ነቃ።»

ዓይኑን ጨፈነ። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ። ራኬብ በዚህ ቢበቃ ብላ ተመኘች። ግን እሱ በዚህ የሚበቃው ሰው አልነበረም። «መንገድ ላይ ሚዛን አለ። አልፋችኋል። ስንት አለ?»

ወረቀቶቹ ቦርሳዋ ውስጥ ናቸው። ልታጠፋቸው ትችል ነበር፤ ከአዋሽ እስከ ሎጊያ ያሰበችው እሱኑ ነው። ነገር ግን የለካሽውን ጻፊ፣ ያልለካሽውን አትጻፊ ብሎ ያሳደጋት እሱ ነው።

«መቶ ሃያ።»

የቆርቆሮው ጣሪያ በሙቀት ሲንጣጣ ይሰማል።

«ዶክተሩ በስንት ወጋው?»

«በመቶ ሃያ አምስት።»

«ማን አለው?»

«እኔ።»

«ከምን አወጣሽው?»

ራኬብ አንጓውን አየች። የእሱም ዓይን ወደ ገዛ እጁ ወረደ። የግራ አንጓውን በቀኝ ጣቶቹ ያዘ፤ እንደተለመደው አልተገናኙለትም። ከዚያ የቢጃማውን እጅጌ ወደ ላይ ሰበሰበ። ከክርኑ በላይ ሲደርስ ጣቶቹ ተገናኙ።

«ስንት ነኝ?» አለ።

«አባዬ፣ ተወው።»

«ስንት ነኝ ራኬብ? ጠዋት ጠዋት የምታነሺኝ አንቺ ነሽ።»

«አርባ አምስት።»

ጥቂት አሰበ። ከዚያ ትከሻው ተንቀጠቀጠ፤ እያለቀሰ መስሏት ቀረበች። እየሳቀ ነበር። «ሴት ነብር ሆኛለኋ» አለ። «መደርደሪያው ላይ በስተግራ ነው ቦታዬ።» ሳቁ ሳል ሆነበትና ውኃ ሰጠችው። ሲበርድለት፣ «ሜዳውን አይቶ ሮጠ?» ብሎ ጠየቃት።

«ስምንት እርምጃ ሄዶ ዞረ።»

ያን ጊዜ ነው ፊቱ የተቀየረው። ቁጥሩ ሲሻርበት ያልሆነውን ያን ጊዜ ሆነ። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። እስኪመሽ በዚያው ቆዩ።

በማግሥቱ ስታነሳው በጆሮዋ፣ «መጋዘን ሂጂና የጥርሳሙን ጽሑፍ አስተካክዪው» አላት። «ምን ብዬ?» አለችው። «መቶ ሰባ ገደማ ከሚለው በፊት ‹በጤናው ዘመን› በዪበት። ሲሞት ስንት እንደነበር ማናችንም አላየንም። ማንም አላነሳውም።»

ሄዳ ጻፈችበት። ዛሬም እንደዚያው ተለጥፏል።

ከዚያ በኋላ ኃይለ ልዑል አምስት ሳምንት ቆየ። ውባንች በየሳምንቱ ትደውል ነበር። ሦስት ሳምንት ስምንት አለች። በአራተኛው፣ «ዛሬ አሥራ አንድ ሄደ፤ በዓይኔ ቆጠርኩ» አለች። ኃይለ ልዑል ራኬብን አንድ ሁለቴ አስደግሞ አስነገራት። «አሥራ አንድ» አለ ለራሱ። ወደ መስኮቱ አስጠጊኝ አላት፤ አስጠጋችው። ሙቅ ነፋሱ ሲገባ አላጉረመረመም። በአምስተኛው ሳምንት ስልኩ ሲደወል የሚሰማው አልነበረም።

አስከሬኑን ከቤት ያወጡት አራት የመጋዘን ባልደረቦቹ ናቸው። ደጃፉ ላይ ከፊት የያዘው ሰማኸኝ ቃሬዛውን ትከሻው ላይ ሲያሳርፍ፣ ከጎኑ ላለው ሰው ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ምንም ክብደት የላቸውም እኮ፤ ባዶ ነው የሚመስለው» አለው።

ራኬብ ከኋላው ነበረች። እንዳትናገር አፏን በነጠላዋ ይዛ ነበር፤ ለቀቀችው።

«ስድሳ ስድስት ኪሎ ነበር» አለችው።

ሰማኸኝ ዞሮ አያት። የሐዘን ንግግር መስሎታል። «አዎ እህቴ» አለና ቃሬዛውን አመቻችቶ መንገዱን ቀጠለ።